ከጁላይ 4 ማግስት

ቶማስ ጄፈርሰን የአሜሪካን የነጻነት ዐዋጅ ያረቀቀው በ1776 ጁን ውስጥ፣ ፊላዴልፊያ ከተማ፣ ከአንድ ግንበኛ በተከራያቸው ሁለት ክፍሎች ነው። (ዓመቶቹ፣ የእኛ ናቸው ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እያገለገለ፣ እየተላላከ አብሮት የሚኖር አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሮበርት ሄሚንግስ ይባላል። ልጁ የጄፈርሰን ባሪያ ነው። ለጄፈርሰን ሚስት ደግሞ በአባት ወንድሟ ነው። ሰው ሁሉ እኩል መፈጠሩን የሚናገረው ቃል ሲጻፍ ያ ልጅ እዚያው ጣሪያ ሥር ነበር። ጁላይ 4 የማን በዓል ነው የሚለው ጥያቄ የዛሬ ዘመን ክርክር ለሚመስለው ሰው መልሱ እሱ ነው፤ ጥያቄው ከዐዋጁ ጋር አንድ ቤት አድሯል።

በረቂቁ ላይ ጄፈርሰን የእንግሊዙን ንጉሥ በባሪያ ንግድ የሚከስ ረዘም ያለ አንቀጽ አስገብቶ ነበር። የቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች ጉባኤ ሰረዘው። እሱ ራሱ ኋላ እንደጻፈው፣ አንቀጹ የወጣው ለሳውዝ ካሮላይናና ለጆርጂያ ሲባል ነው፤ በመርከብ ባሪያ ሲያመላልሱ የኖሩት ሰሜኖችም ነገሩ ቆርቁሯቸው ነበር። ከሳሹ ጄፈርሰንም ቢሆን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ያሳደረ ነው። በዚያን ጊዜ ከቅኝ ግዛቶቹ ነዋሪ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ባሪያ ነበር። በ1860 ቁጥሩ ወደ 4 ሚሊዮን ደረሰ። በየዓመቱ መድፍ እየተተኮሰ ነጻነት ሲከበር፣ በየዓመቱ ባሪያው ይበዛ ነበር።

ጥቁሮቹ ይህን ዝም ብለው አላዩም። የኒው ዮርክ ግዛት ባርነት የሚቀርበትን ቀን ሲቆርጥ ጁላይ 4 ቀን 1827 አለ። የኒው ዮርክ ከተማ ጥቁሮች ግን ታላቁን ሰልፋቸውን በማግስቱ፣ ጁላይ 5 አደረጉት። አንደኛው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ በበዓሉ ዕለት አደባባይ የወጣ ጥቁር በነጮች መደብደቡ የታወቀ ነበር። ሌላው ግን አቋም ነው፤ በደቡብ ወገኖቻቸው እየተሸጡ ያንን ቀን የራሳችን ነው ለማለት አንደበታቸው አልታዘዘም። ብዙዎች ደግሞ እንግሊዝ በግዛቶቿ ባርነትን ያስቀረችበትን ኦገስት 1 ቀን 1834 እያሰቡ በየዓመቱ ያከብሩ ጀመር። አሜሪካ ተዋግታ ያባረረችው ዘውድ ቀን ከገዛ አገራቸው ቀን ይልቅ ቀረባቸው ማለት ነው።

የዚህ ክርክር ታላቁ ሰነድ የፍሬድሪክ ዳግላስ ንግግር ነው። ዳግላስ ከሜሪላንድ ባርነት ያመለጠው በ1838 ነው። በ1852 የሮቸስተር ሴቶች ፀረ ባርነት ማኅበር ስለ በዓሉ እንዲናገር ጋበዘው። የዚያ ዓመት ጁላይ 4 እሑድ ውሎ ነበር፤ ዳግላስ የተናገረው ሰኞ፣ ጁላይ 5፣ በኮሪንቲያን አዳራሽ ወደ 600 ለሚጠጋ ሰው ነው። መጀመሪያ ዐዋጁን የፈረሙትን ሰዎች ከልቡ አመሰገነ። ቀጥሎ ይህ ቀን ለባሪያ ምኑ እንደሆነ ጠየቀ፤ ደስታው የእናንተ ነው፣ ለእኔ ሐዘን ነው አላቸው። ልጅ ሳለ ባልቲሞር ውስጥ ሌሊት ከእንቅልፉ ስለሚቀሰቅሰው ድምፅም ነገራቸው፤ በሰንሰለት ታስረው ወደ ኒው ኦርሊንስ መርከብ የሚነዱ ሰዎች ኮቴና ልቅሶ። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣው ሕግ ደግሞ ያመለጠ ባሪያን የመያዝ ግዴታ በሰሜኑ ሰው ላይም ጥሎ ስለነበር፣ አዳራሹ ውስጥ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም።

ንግግሩን የሚያነሱ ብዙዎች ቁጣውን ብቻ ይዘው ይቀራሉ። ይህ ዳግላስን መቁረጥ ነው። በዚያው ንግግር ሕገ መንግሥቱ የነጻነት ሰነድ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ የጨረሰውም በተስፋ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 4 ቀን 1854፣ የቀድሞ የትግል አጋሩ ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን ማሳቹሴትስ ውስጥ የሕገ መንግሥቱን ቅጂ በሕዝብ ፊት አቃጥሏል። ዳግላስ ግን ማቃጠሉን አልመረጠም፤ ቃላችሁን ፈጽሙ ነው ያለው። ለእኔ ከባዱ መንገድ የእሱ ነው። ያላከበረህን ሰው ቃል ይዘህ መሟገት ከመቅደድ ይልቅ ያደክማል።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በደቡብ ጁላይ 4ን አደባባይ ወጥተው የሚያከብሩት ነጻ የወጡት ጥቁሮች ሆኑ፤ የተሸነፉት ነጮች በራቸውን ዘግተው ይውሉ ነበር። ይህ ብዙ አልቆየም። አገሪቱ 100ኛ ዓመቷን ባከበረችበት በጁላይ 4 ቀን 1876፣ በሳውዝ ካሮላይናዋ ሐምበርግ የጥቁሮች ሚሊሻ በዋናው መንገድ ላይ እየተሰለፈ ሳለ ሁለት ነጮች በጋሪ መጥተው መንገድ ልቀቁ አሉ። ጠቡ ፍርድ ቤት ደረሰ። በአራተኛው ቀን የታጠቁ ነጮች ከተማይቱን ከበው ስድስት ጥቁሮች ገደሉ፤ አንድ ነጭም ሞተ። በግድያው የተቀጣ ሰው የለም።

ጥቁሮች ከጁላይ 4 ሌላ የራሳቸው የነጻነት ቀንም ነበራቸው፤ ጁንቲንዝ ይባላል፣ ሥሩ ቴክሳስ ነው። ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር ባሮች ሁሉ ነጻ ናቸው የሚለውን ትእዛዝ በጋልቨስተን ያስነገረው በጁን 19 ቀን 1865፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ነጻነትን ካወጀ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። በቴክሳስ ወደ 250,000 ሰው በባርነት ላይ ነበር። በ1872 የሂውስተን ነጻ ወጪዎች ገንዘብ አዋጥተው ቀኑን የሚያከብሩበት 10 ኤከር መሬት ገዙ፤ ዛሬም መናፈሻ ነው። ቀኑ የፌዴራል በዓል የሆነው በ2021 ነው። ሁለት የነጻነት በዓል አገር ይከፍላል የሚሉ አሉ። አልስማማም። መክፈያው የተበጀው በ1776 አንቀጹ የተሰረዘ ዕለት ነው።

እኛስ? ዓድዋን የምናከብር ሕዝብ ይህን ጥያቄ የሰው ጉዳይ ነው ብለን ማለፍ አንችልም። ድሉ በእኛ አቆጣጠር 1888 ነው፤ ባርነትን ጨርሶ የከለከለው ዐዋጅ የወጣው በ1934። በመካከሉ 46 ዓመት አለ። አገር ነጻ ሆና ሰው ይሸጥባት ነበር፤ የተሸጡት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም በየሰፈሩ በአያታቸው ስም የሚነቀፉ አሉ። ዓድዋ በዚህ አይቀንስም። ታሪኩን ስንናገር ግን እነሱንም መናገር ዕዳችን ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ለምንኖር ደግሞ ሦስተኛ ቀን አለ፤ ኤፕሪል 16፣ የከተማዋ ሕዝባዊ በዓል። በ1862 በዚያ ቀን በዲሲ ወደ 3,100 ሰው ከባርነት ወጣ። ሕጉ ለመንግሥት ታማኝ ለሆኑ ባለባሪያዎች በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር ካሳ መደበ። ለነጻ ወጪዎቹም ገንዘብ ነበረው፤ እስከ 100 ዶላር፣ ያውም አገሩን ለቀው ወደ ሄይቲ ወይም ላይቤሪያ ለመሄድ ለተስማሙት ብቻ።