የሁለት አገር ወረቀት፤ በአፋር የድንበር አካባቢ ዜግነት እንዴት ይገኛል፣ እንዴትስ ይታጣል?

ከጅቡቲ ወደብ የሚነሱ የጭነት ተሽከርካሪዎች በጋላፊ ኬላ ገብተው ሰመራን፣ ሎግያን፣ ሚሌንና ገዋኔን አቋርጠው አዋሽ ሰባት ኪሎ ይደርሳሉ። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው የአፋር ሕዝብ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በኤርትራ ይገኛል። ቋንቋው፣ ሃይማኖቱና የጎሳ ትስስሩ አንድ ሲሆን የሚተዳደርበት የዜግነት ሕግ ግን ሦስት ዓይነት ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ወንድም ሰመራ፣ እህት ጅቡቲ፣ አጎት አሰብ ሊኖሩ ይችላሉ። በመሆኑም ማን የየትኛው አገር ዜጋ ነው የሚለው ጥያቄ በአካባቢው የዕለት ተዕለት ኑሮን የሚነካ ጉዳይ ነው።

ድንበሮቹ የተሰመሩት በነዋሪው አሰፋፈር መሠረት አልነበረም። ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር የጅቡቲን ወሰን የተዋዋለችው በ1889 ዓ.ም ነው። በአፋር በኩል ያለውን የኤርትራ ወሰን የሚመለከተው የ1900 ዓ.ም ውል ደግሞ ከጣሊያን ጋር የተፈረመ ሲሆን፣ መስመሩ ከባሕር ዳርቻው 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ከባሕሩ ጋር ትይዩ እንዲሄድ ይደነግጋል። የውኃ ጉድጓድም ሆነ የግጦሽ መሬት በስሌቱ አልገባም። ጅቡቲ በሰኔ 1969 ዓ.ም ነጻነቷን ስታውጅ፣ ኤርትራም በ1985 ዓ.ም ከተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ራሷን የቻለች አገር ስትሆን፣ እነዚህ መስመሮች የነጻ መንግሥታት ወሰኖች ሆኑ።

በኢትዮጵያ በሥራ ላይ ያለው የዜግነት ሕግ በ1922 ዓ.ም የወጣውን የቀድሞውን ሕግ የተካው አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። የአዋጁ መነሻ የትውልድ መርሕ ነው። አባቱ ወይም እናቱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆኑ ሰው፣ በሰመራም ይወለድ በጅቡቲ ከተማ፣ ኢትዮጵያዊ ነው። በአንጻሩ በኢትዮጵያ ምድር መወለድ ብቻውን ዜግነት አያስገኝም፤ የአፋርኛ ተናጋሪ መሆንም ሆነ ከአንድ ጎሳ መወለድ እንዲሁ። የጎሳ መሪ የሚሰጠው ምስክርነት አንድን ሰው ለማወቅ ይረዳ ይሆናል እንጂ የወላጆቹን ዜግነት አይተካም።

በእናት በኩል ዜግነት ማግኘት ለድንበር አካባቢ ነዋሪዎች ልዩ ትርጉም አለው። አንዲት የሎግያ ነዋሪ ጅቡቲያዊ ብታገባ ጋብቻው ዜግነቷን እንደማያስቀር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ያረጋግጥላታል። በ1922ቱ ሕግ ግን የውጭ ዜጋ ያገባች ሴት የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣ ነበር። ዛሬ የምትወልደው ልጅም ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነው።

ይሁንና አብዛኛው ሰው የማያውቀው የሕጉ ክፍል ከዚህ ይጀምራል። ይህ ልጅ በአባቱ በኩል የጅቡቲንም ዜግነት አግኝቶ ከሆነ እስከ 18 ዓመቱ ሁለቱንም ይዞ ይቆያል። አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ ግን የአንድ ዓመት ጊዜ ብቻ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የጅቡቲን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ለሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ከአዋሽ ወይም ከሰመራ ወጥቶ የማያውቅ ወጣት ዝም በማለቱ ብቻ በሕግ ፊት የውጭ አገር ሰው ይሆናል ማለት ነው። አዋጁ ቢወጣም ይህ ድንጋጌ በገጠር ቀበሌዎች በስፋት እንዲታወቅ አልተደረገም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በራሱ ተነሣሽነት የሌላ አገር ዜግነት የሚወስድ አዋቂ ሰው ጉዳይ ከዚህም ያጠረ ነው። ለሥራና ለንግድ እንዲያመቸው በማሰብ የጎረቤት አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ያን ዕለት ኢትዮጵያዊነቱን ትቷል። ሌላው አገር ሁለት ዜግነት ቢፈቅድም የኢትዮጵያ ሕግ አይለወጥም። የመምረጥና የመመረጥ መብቱ ይቀራል፤ በአገሩ ለመሥራትም እንደ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ድንበር ተሻግሮ ለረጅም ዓመታት መኖር፣ ከብት ይዞ መዝለቅ፣ ወይም ያለ ሰነድ በጋላፊ በኩል ወደ ኦቦክ መሰደድ ዜግነትን አያሳጣም። ያለ ሕጋዊ የጉዞ ሰነድ መውጣት የኢሚግሬሽን ሕግን መጣስ ነው፤ ዜግነትን መተው ግን አይደለም።

የተወው ሰው የሚመለስበት በር አለ። ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መኖሪያውን በዚህ ካደረገ፣ የያዘውን የሌላ አገር ዜግነት ከተወና ካመለከተ ዜግነቱ ይመለስለታል። የያዘውን መተው የማይፈልግ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ሊያወጣ ይችላል። ካርዱ ያለ ቪዛ ለመግባትና ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት ያስችላል። ኢትዮጵያዊነቱን ትቶ የኤርትራን ዜግነት የወሰደ ሰው ግን ከዚህ አዋጅ ውጪ እንዲሆን ተደርጓል።

የኤርትራው ልዩነት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በሕዝበ ውሳኔው ወቅት ኢትዮጵያ ይኖሩ የነበሩ በርካታ ትውልደ ኤርትራውያን ተመዝግበው ድምፅ ሲሰጡ ዜግነታቸው ምን እንደሚሆን በግልጽ አልተወሰነም ነበር። ጦርነቱ በግንቦት 1990 ዓ.ም ሲጀመር ጥያቄው ተነሣ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከአገር ወጡ። በጥር 1996 ዓ.ም የወጣ መመሪያ ኤርትራ ነጻ ስትሆን በኢትዮጵያ ይኖሩ የነበሩና የኤርትራን ዜግነት ሳይመርጡ በዚሁ የቆዩ ሰዎች ኢትዮጵያዊነታቸውን እንደመረጡ እንዲቆጠሩ አድርጓል። በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም የቡሬ ድንበር ሲከፈት ለሃያ ዓመታት ያልተያዩ ቤተሰቦች ተገናኙ፤ በሚያዝያ ወር ግን መልሶ ተዘጋ።

ከጎረቤት አገር መጥቶ የኢትዮጵያ ዜጋ መሆን የሚፈልግ ሰው ቢያንስ አራት ዓመት በአገሪቱ መኖር፣ ሕጋዊ የገቢ ምንጭና መልካም ሥነ ምግባር እንዲኖረው ይጠበቃል። ቋንቋን በተመለከተ ከብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ይበቃል። አፋርኛ የሚናገር ጅቡቲያዊ በዚህ በኩል የሚቸገርበት ነገር የለም። የሚከብደው መደበኛ መኖሪያንና ገቢን በወረቀት ማስረዳት ነው፤ ሀብቱ ግመል ለሆነና አድራሻው ዝናብን ተከትሎ ለሚለዋወጥ አርብቶ አደር ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

በአይሳኢታና በሌሎች የክልሉ አካባቢዎች የተጠለሉ ኤርትራውያን ስደተኞች ልጆች በዚህ መወለዳቸው ኢትዮጵያዊ አያደርጋቸውም። በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 ማሻሻያ መሠረት ልደታቸው ይመዘገባል፤ ምዝገባው ግን ዜግነት መስጠት አይደለም። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ጉዳይ የተለየ ነው። ልደቱ በ90 ቀን ውስጥ ሲመዘገብ የእናቱም የአባቱም ስምና ዜግነት በትክክል መስፈሩን ቤተሰቡ ምስክር ወረቀቱን ከመረከቡ በፊት ሊያረጋግጥ ይገባል፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው የሚጠየቀው ይህንኑ ወረቀት ነውና።