የክብደት ቅጣትን በክሬዲት ካርድ መክፈል፦ የትራክ ሹፌሮች ሊያውቁት የሚገባ

በአሜሪካ በትራክ ሹፍርና የሚተዳደሩ ወንድሞቻችን ጥቂት አይደሉም። ሥራው ገቢ አለው ቢባልም መንገድ ላይ የሚጠብቀው ወጪም የዚያኑ ያህል ነው። ከነዚህ ወጪዎች አንዱ ከተፈቀደው ክብደት በላይ ጭኖ በመገኘት የሚመጣው ቅጣት ነው። ቀደም ሲል ይህ ቅጣት በብዙ ቦታ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም ኩባንያው በሚልከው ቼክ ነበር። አሁን ግን በርካታ ስቴቶች በካርድ መክፈልን ፈቅደዋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለሙስሊም ሹፌር ግን የኪስም የዲንም ጥያቄ ያስነሳል።

በቅድሚያ ቅጣቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። በፌዴራል ሕግ በኢንተርስቴት አውራ ጎዳና ላይ አንድ ትራክ ከነጭነቱ ከ80,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ36 ቶን ገደማ በላይ መመዘን የለበትም። ይህ ወሰን የጸናው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን ከዚያ በፊት 73,280 ፓውንድ ነበር። ብዙዎች የሚያውቁት ይህንን ጠቅላላ ወሰን ነው። የሚቀጡት ግን ብዙ ጊዜ በሌላው ነው። ለአንድ ነጠላ አክስል 20,000፣ ጎን ለጎን ላሉት ሁለት አክስሎች ደግሞ 34,000 ፓውንድ ነው የተፈቀደው። ስለዚህ ጠቅላላው 78,000 የሆነ ትራክ ጭነቱ ወደ ኋላ ስለተገፋ ብቻ የኋላው ታንደም 36,000 ሊመዝን ይችላል፤ ያኔ በ2,000 ፓውንድ ትርፍ ይቀጣል። ታንደሙን ጥቂት ቀዳዳ ወደ ኋላ ማንሸራተት ብዙውን ጊዜ ይህን ያስተካክላል። ነዳጅም አይረሳ፦ አንድ ጋሎን ናፍጣ 7 ፓውንድ ገደማ ስለሚመዝን 100 ጋሎን ሲሞላ 700 ፓውንድ ይጨምራል። ከመሙላት በፊት የተመዘነ ትራክ ተመዝኗል አይባልም።

ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ የተካሄደው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከክብደቱ እጅግ በፈጠነ መጠን ያድጋል። አክስሉ ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ብዙ ስቴቶች ቅጣቱን በትርፍ ፓውንድ የሚያሰሉት፣ ትርፉ በጨመረ ቁጥርም ተመኑን ከፍ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ክፍያው ከመቶዎች ተነስቶ ሺዎች ዶላር ሊደርስ ይችላል።

ታዲያ በካርድ ለመክፈል ሕግ ለምን አስፈለገ? መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚቀበለው ሕጉ በፈቀደለት መንገድ ነው። በተጨማሪም ካርድ ሲከፈልበት የካርዱ ድርጅት የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። ያንን ድርሻ ስቴቱ ይሸከም ወይስ ተቀጪው የሚለው መወሰን አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በተቀጪው ላይ ነው፤ ከቅጣቱ በላይ ጥቂት በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። ቢሆንም ፈቃዱ ጥሩ ነው ብለን እናምናለን። በአንዳንድ ስቴቶች የሌላ ስቴት ሹፌር ክፍያ ወይም ዋስትና እስኪያስይዝ ከጣቢያው እንዲንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። ሥጋ ወይም አትክልት የጫነ ሰው ሌሊት ላይ ጥሬ ገንዘብ ፍለጋ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ነገር ግን ካርዱን ከማውጣትዎ በፊት ትኬቱን ያንብቡት። በብዙ ቦታ መክፈል ጥፋቱን እንደማመን ይቆጠራል። ሊከራከሩበት የሚፈልጉት ነገር ካለ ቀጠሮው እስከ መቼ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ወደ ዲኑ ጉዳይ ስንመጣ መለየት ያለብን ዴቢት ካርድና ክሬዲት ካርድን ነው። ዴቢት ካርድ የራስን ገንዘብ ከራስ ሂሳብ ያወጣል፤ የብድር ጥያቄ የለበትም። ክሬዲት ካርድ ግን ብድር ነው። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 በሪያድ ባደረገው 12ኛ ጉባኤው፣ ውሉ የወለድ ግዴታ ያለበትን ክሬዲት ካርድ መጠቀም፣ ሰውየው በእፎይታ ጊዜው ውስጥ ለመክፈል ቢያስብም እንኳ፣ አይፈቀድም ብሎ ወስኗል። በምዕራቡ ዓለም የሚኖሩ ሌሎች ዑለማዎች ደግሞ ካርዱ የሚያስፈልገው ሰው በወቅቱ ሙሉውን እንደሚከፍል እርግጠኛ ከሆነ ይፈቅዳሉ። በሁለቱም ወገን ያሉት የሚስማሙበት ግን አለ፦ ቀኑን አሳልፎ ወለድ መክፈል ሪባ ነው። ከላይ ያነሳነው የአገልግሎት ክፍያ ለጊዜ መዘግየት የሚከፈል ስላልሆነ ጉዳዩ ከዚህ ይለያል። ዝርዝሩን የሚያምኑትን ዓሊም ይጠይቁ።

በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ በቅርብ ዓመታት ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። አንድ ሺህ ዶላር ቅጣት ሳይከፈል ሲቆይ በየወሩ 17 ዶላር ገደማ ይወልዳል። ከዚህ የባሰው በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ነው፤ በአብዛኛው የእፎይታ ጊዜ ስለሌለው ወለዱ ከዚያው ዕለት ይጀምራል። ጣቢያው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ሲል ብዙ ሹፌር የሚገባው እዚህ ውስጥ ነበር። አሁን በዴቢት ካርድ በቀጥታ መክፈል ከተቻለ ይህ በር ይዘጋል። ለዚህ ተብሎ በተለየ ሂሳብ የተቀመጠ ትንሽ ገንዘብ ካለም ክሬዲት ካርዱ ከኪስ አይወጣም።

የራሳቸው ትራክ ያላቸው ወንድሞች ደግሞ ቅጣቱን ከታክስ ላይ እንደ ሥራ ወጪ መቀነስ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ። አይቻልም። ታንክ ትራክ ሬንታልስ የተባለ የፔንሲልቬኒያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ለከፈለው 41 ሺህ ዶላር ገደማ የክብደት ቅጣት ይህንኑ ሞክሮ ነበር። ስቴቱ 45,000 ፓውንድ ብቻ ሲፈቅድ ጎረቤቶቹ ወደ 60,000 ይፈቅዱ ነበርና ቅጣቱ የሥራው አካል ነው ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1958 አልተቀበለውም፤ በኋላም የታክስ ሕጉ ራሱ ይህንኑ አጽንቷል። በኩባንያ የሚሠሩ ደግሞ ደረሰኙንና የሚዛኑን ወረቀት ያስቀምጡ፤ ጭነቱን ሌላ ሰው ጭኖና አሽጎ ከሆነ ቅጣቱን ማን እንደሚሸከም የሚወስነው የፈረሙት ውል ነው።