«አይ ጉዴ!» ያሉኝ ጀርመናዊ ሽማግሌ

እኔና ጀርመንኛ የተዋወቅነው አዲስ አበባ ነው። በወረቀት ላይ ፍቅራችን ያስቀና ነበር። «ደር፣ ዲ፣ ዳስ» የሚሉትን ጣጣ እንደ ፊደል ገበታ ሸምድጄ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ቢ-ሁለት የሚባለውን ሰርተፊኬት ታቅፌ ፍራንክፈርት ስወርድ «እንግዲህ ማን ያቆመኛል?» የሚል ልብ ነበረኝ።

ያቆመኝ የሻይ ሰዓት ነው።

እንዴት መሰላችሁ? የሄድኩት ለነርስነት ሥልጠና ነው። ሥልጠናው 3 ዓመት ሲሆን የመጀመሪያው 6 ወር የሙከራ ጊዜ ነው። የተመደብኩት ከፍራንክፈርት ብዙም በማትርቅ ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የሥራው ቋንቋ አላስቸገረኝም። ደም ግፊት መለካት፣ መድኃኒት መቁጠር፣ ሪፖርት መጻፍ… ይሄ ሁሉ መጽሐፍ ላይ አለ። ጉዱ የሚመጣው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለሻይ ስንቀመጥ ነው። ሰባት ስምንት ሴቶች አንድ ጠረጴዛ ከበው ወሬው እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ ወዲያ ወዲህ ሲበር እኔ ኩባያዬን አየዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ፣ ግሱን አስተካክዬ፣ ጾታውን መርምሬ አፌን ስከፍት እነሱ ሌላ ወሬ ላይ ናቸው። አሥራ አምስት ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነች ያወቅኩት ያኔ ነው። በኋላማ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ሽንት ቤት ገብቼ እረፍቱ እስኪያልቅ ስልኬን እነካካለሁ። ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይሄው ነው።

በሦስተኛው ወር አሠልጣኜ ቢሮዋ ጠራችኝ።

«ሥራሽ ጥሩ ነው» አለች። ቀጥሎ «ግን» እንደሚመጣ ከፊቷ ገባኝ። «ግን ባልደረቦችሽ የምትንቂያቸው መስሏቸዋል። ከአረጋውያኑም ጋር ዝም ነው የምትይው። እነሱ ደግሞ ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚጠብቁት የሚያወራቸውን ሰው ነው። ሦስት ወር አለሽ፣ አስቢበት።»

እኔ ልንቃቸው? ኧረ እኔ እነሱን ፈርቼ ነው የሞትኩት! የመኖሪያ ፈቃዴ የተሰጠኝ ለዚሁ ሥልጠና ነው። እናቴ ደግሞ «ልጄ ጀርመን ናት» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር ባይኔ አልዞረም።

ጠዋት ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ዕድሜያቸው 88፣ ድሮ የባቡር ሾፌር የነበሩ ሽማግሌ። እሳቸው በየጠዋቱ በሩን ስከፍት «አይ ጉደ!» ይሉኛል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የመጀመሪያ ቀን «አይ ጉዴ!» ያሉ መስሎኝ «ምን ሆኑ?» ብዬ ሮጬ ደም ግፊታቸውን ለክቻለሁ። ደህና ናቸው። በማግስቱም «አይ ጉደ!» ለካስ የፍራንክፈርትና የአካባቢው ሰው ሰላምታ ኖሯል! ሰሜን፣ ሃምቡርግ ብትሄዱ ደግሞ «ሞይን» ነው፤ ቢመሽም «ሞይን»። ደቡብ፣ ባቫርያ «ግሩስ ጎት» ይሏችኋል። አዲስ አበባ የተማርነው «ጉተን ታግ» ስህተት ሆኖ አይደለም። ግን አንዳንዱ ቦታ ላይ ከነከረባት ዳቦ ለመግዛት እንደመውጣት ነው።

ያን ጠዋት «አይ ጉደ!» ሲሉኝ እኔም «አይ ጉደ!» አልኳቸው። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወሩኝ። የገባኝ ግማሹ ነው። ግን ወሬ ነበር!

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሉትን በጆሮዬ ማጥመድ ጀመርኩ። የፈረቃችን ኃላፊ ለምሳሌ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ «ና?» ትላለች። በመጀመሪያ ሳምንት «ና?» ስትለኝ ትሪዬን አስቀምጬ ሄድኩላት። እሷ ታየኛለች፣ እኔ አያታለሁ። (ደግሞስ ለሴት «ነይ» ነው እንጂ «ና» ይባላል?) ለካ የእኛ «እህሳ?» ማለት ነው። መልሱም ራሱ «ና?» ነው፤ ከፈለጋችሁ «ጉት፣ ኡንት ዲር?» ማለት፣ «ደህና፣ አንቺስ?» ነው። በምሳ ሰዓት ደግሞ የሚያልፍ የሚያገድመው «ማልጻይት!» ይላል። «እንብላ» መስሎኝ «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» እያልኩ ስንቱን ግራ አጋባሁት መሰላችሁ! መልሱ ያው «ማልጻይት» ነበር። ሥራ ወጥቶ የሚሄደውን «ሾነን ፋየርአቤንት» ይሉታል። በሰላም ግባ፣ ደህና አምሽ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ቀንደኛው ነገር ልምጣ። ሐምሌ ላይ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል። ሻይ ክፍል ገብቼ በድፍረት አንድ ዓረፍተ ነገር ወረወርኩ፦ «ኢሽ ቢን ሃይስ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷማ እንባዋን ጠረገች። «ሞቀኝ» ያልኩ መስሎኝ ለካስ «ስሜቴ ተነሳስቷል» ብዬ አውጄ ኖሯል! በኋላ አንዷ ጎኔ ቁጭ ብላ «ሚር ኢስት ሃይስ ነው የሚባለው» አለችኝ። እናንተ! ይሄ እኮ «ሞቀኝ» ነው! «እኔ ሙቅ ነኝ» የሚል ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሙቀቱ ነው «እኔን» የሚለኝ። ጀርመኖቹም እንደኛ ነው የሚሉት። ታዲያ እኔ ምን ነክቶኝ ነው? በእንግሊዝኛ በኩል ዞሬ ነዋ! ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ። ቦሌ ለመሄድ በአዲሱ ገበያ መዞር ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ በቀጥታው መንገድ ስሄድ ብዙ ነገር ቀለለኝ። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን በ1880 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የጀርመን ግስ ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ መጨረሻ ላይ ይመጣል ብሎ አላግጧል። ለሱ ይሁንለት! እኛ ግስን ሌላ የት እናስቀምጣለን? «ቫይል ኢሽ ጌስተርን ክራንክ ቫር» ማለት «ትናንት ታምሜ ስለነበር» ነው፤ ግሱ ያለው የእኛው ቦታ ላይ ነው። ደግሞ መጽሐፍ ላይ ያለፍናቸው ትንንሽ ቃላት አሉ። ማል፣ ያ፣ ዶኽ፣ ሃልት። ትርጉማቸውን መዝገበ ቃላት ላይ ስትፈልጉ አንጎላችሁ ይዞራል። በአማርኛ ግን ስሟቸው፦ «ኮም ማል ሄር» «እስቲ ነይ» ነው። «ዱ ቢስት ያ ግሮስ ገቮርደን» ሲባል ደግሞ «አድገሃል እኮ!» ነው። «ሃልት» ስትገባ «እንግዲህ ምን ይደረግ» የሚል ትከሻ መነቅነቅ አለባት። «አልበላሽም?» ስትባሉ በልታችሁ ከሆነ «ያ» አይደለም መልሱ፣ «ዶኽ!» ነው፤ «ኧረ በልቻለሁ!» እንግዲህ «እኮ»ን እና «እስቲ»ን አውጥታችሁ አማርኛ አውሩ ብትባሉ ምን ይቀራችኋል? ሬዲዮ ላይ ዜና የምታነቡ ነው የምትመስሉት። እኔም ሻይ ክፍል ውስጥ ለሦስት ወር ዜና አንባቢ ነበርኩ።

ግን አማርኛም ራሱ ጉድ የሚሠራበት ጊዜ አለ። እሱንም ልንገራችሁ።

እኛ ስንገናኝ «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና? ልጆችስ? እንዴት ነው ታዲያ?» እንላለን፤ መልስ አንጠብቅም። ይሄን አንዷ ባልደረባዬ ላይ ደረደርኩት። ሴትዮዋ ቆመችና ስለ እናቷ የዳሌ ቀዶ ጥገና ከስር ከመሠረቱ ትነግረኝ ጀመር። እነሱ «ቪ ጌትስ?» አንዴ ነው የሚጠየቀው፣ ለሚያውቁት ሰው ነው፣ ጠያቂውም የምር ሊመለስለት እንደሚችል ያውቃል። የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ «ቪ ጌትስ» አትልም፤ እናንተም አትበሏት፣ «ሃሎ» ይበቃታል።

ሌላው ከእረፍት የተመለሰችዋን ባልደረባዬን «ወፈርሽ!» ማለቴ ነው። «ተመችቶሻል» ለማለት ነበር። የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ሲያንጎራጉር ተሰማ። ደመወዝ መጠየቅም እንደዚያው ነው፤ «ስንት ይከፍሉሻል?» ያላችሁ ቀን ወሬው እዚያው ሞተ በሉ። እንዲሁም አንዲት እናት የሚመስሉ አሮጊትን እኛ ቤት «እማማ» እንደሚባለው «ኦማ» ብያቸው «እኔ የአንቺ አያት አይደለሁም» ብለውኛል። ለአረጋውያኑ «ዚ» ነው፣ ማለትም የእኛ «እርስዎ»፣ ከዚያ «ሄር» ወይም «ፍራው» ከቤተሰብ ስም ጋር። ባልደረባን ግን ዕድሜዋን አይቼ «ዚ» ስላት ተቀየመች፤ እዚያ ቤት ሠራተኛው እርስ በርሱ «ዱ» ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፦ «አንቺ እንባባል» የሚለው ታላቁ ወይም አለቃው ነው፣ ታናሽ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔን ደግሞ ፓስፖርቴ ላይ በተጻፈው በአያቴ ስም «ፍራው እገሌ» ይሉኛል። አያቴ በሕይወት ኖረው «ፍራው» ሲባሉ ቢሰሙ ዱላቸውን ያነሱ ነበር።

ሰዓቱንስ? አንዷ እሑድ «ሃልፕ ድራይ» ላይ ቡና ጠራችኝ። ሃልፕ ግማሽ፣ ድራይ ሦስት። እኛ «ሦስት ተኩል» ስንል ከሦስት በኋላ ነው፤ እነሱ ወደ ሦስት የሚሄደውን ግማሽ ነው የሚቆጥሩት። በእኛ አቆጣጠር ስምንት ተኩል መሆኑ ነው። እኔ ዘጠኝ ተኩል ላይ አበባዬን ይዤ ደረስኩ። ኬኩ ተበልቷል፣ ቡናው ቀዝቅዟል፣ ፊቷም እንደዚያው። «የሐበሻ ቀጠሮ» የሚለው ቀልድ ጀርመንኛ የለውም።

ታዲያ ምን ይወራል? ኧረ ትንሽ ነገር! ፀሐይ ወጣች፣ ዝናቡ አላቆም አለ፣ ባቡሩ ዛሬም ዘገየ። ይሄ የመጨረሻው አይነጥፍም፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ጣቢያ ላይ በአንድ አፍ ሲያማርሩ ታገኛላችሁ። ሰኞ ስለ ቅዳሜና እሑድ ጠይቁ። ዓርብ «ሾነስ ቮኸንኤንደ» በሉ። ውሻ የያዘ ሰው ካያችሁ ስለ ውሻው ጠይቁት፣ እድሜ ልኩን ይተርክላችኋል። በሚያዝያና በግንቦት ሽፓርግል የሚሉት ነጭ አትክልት ይመጣል፤ በሰኔ 17 ገደማ፣ በነሱ ጁን 24፣ ወቅቱ ያበቃል። እስከዚያ ድረስ ሰዉ ሌላ ወሬ የለውም። እንዴት ነው የምትሠሩት ብላችሁ ብቻ ጠይቁና አርፋችሁ ስሙ። መሐል ላይ «ገናው» እያላችሁ። (እንደሱ ነው፣ ትክክል ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ «ገና ነው» የሚሉ መስሎኝ እጠብቅ ነበር።) ሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ስትገቡም እንደኛው ለሁሉም ሰላምታ ስጡ፤ እዚህ ላይ አንለያይም።

ስትንተባተቡ አይተው ወደ እንግሊዝኛ ከዞሩባችሁ አትቀየሙ። ብዙዎቹ ሊረዱ ብለው ነው። «ገና እየተማርኩ ነው፣ በጀርመንኛ እንቀጥል» በሏቸው። እኔ ይሄን ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ የተጠቀምኩበት ነው።

ደግሞ በዚህ ነገር የመጀመሪያዋ ተጨናቂ እኔ አይደለሁም። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ግዕዝን ከመጽሐፍ ነው የጀመረው። በ1649 ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፤ በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደውለት አብረው ሠሩ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ ታተመ። የት መሰላችሁ? እዚሁ ፍራንክፈርት! እኔ መጽሐፌን ይዤ ሄጄ ሰው ያጣሁበት ቦታ።

መስከረም ላይ የሙከራ ጊዜዬ አለቀ። አሠልጣኜ ወረቀቶቼን አገላብጣ «ኒሽት ሽሌሽት» አለችና ፈረመች። «መጥፎ አይደለም» ማለት ነው። እልልታ የጠበቅኩ እኔ ክው ልል ስል ባልደረባዬ በጆሮዬ «ከሷ አፍ ይሄ ከወጣ ዝለይ!» አለችኝ።

ወደ ሽማግሌው ክፍል ሄድኩ። መስኮት ዳር ተቀምጠዋል።

«አይ ጉደ!»

«አይ ጉደ!» አልኳቸው። ማለፌን ነገርኳቸው፣ እጄን ጨበጡኝ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን። አሁን ሦስት አራተኛው ይገባኛል።

ቸር እንሰንብት።