ላፕቶፑ ሳይሆን ዲስኩ ነው ያረጀው

ጠዋት የላፕቶፕዎን መክፈቻ ይጫናሉ። ሻይ ጥደው ሲመለሱ ስክሪኑ ላይ ያቺ ትንሽ ክብ አሁንም እየዞረች ነው። ልጅዎን አልብሰው፣ ምሳ ዕቃውን አዘጋጅተው ሲመለሱ ዴስክቶፑ መጥቷል፤ ኤክሴልን ሲነኩት ግን ድርቅ ይላል። በዚህ መሃል ከቤተሰቡ አንዱ «ይሄ ነገር አብቅቶለታል፤ አዲስ ይገዛ» ማለቱ አይቀርም።

ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ትንሽ ይታገሱ። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2018 የተሠሩት ብዙዎቹ የቢሮ ላፕቶፖች፣ ማለትም የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ የዴል ላቲቲውድና የሌኖቮ ቲንክፓድ ዓይነቶቹ፣ ፕሮሰሰራቸው ዛሬም ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ፣ ለኢንተርኔትና ለቪዲዮ ስብሰባ አያንስም። አብዛኛውን ጊዜ የጎደላቸው ፈጣን ማከማቻና በቂ ራም ነው። ሁለቱንም መቀየር ይቻላል፤ ሥራውም የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ነገሩ የገንዘብ ጉዳይም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያው ከለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚገባ ዕቃ ሁሉ የቤተሰብን በጀት ፈትኗል። መስከረም ላይ አዲስ ላፕቶፕ ከትምህርት ቤት ክፍያ ጋር ይጋፋል። ስለዚህ «አርጅቷል» የሚለውን ፍርድ ሳይመረምሩ መቀበል ዛሬ ውድ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ሰው አዲስ ነገር እንዲገዛ በማድረግ ነው እንጀራ የምበላው። ስለዚህ አንድ የሙያ ምስጢር ላካፍልዎ። ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ትልቅ ሲሆን ዓይን ይስባል። «1 ቴራ» የሚል ላፕቶፕና «256 ጂቢ» የሚል ላፕቶፕ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ብዙ ገዢ እጁን የሚዘረጋው ወደ 1 ቴራው ነው። የመጀመሪያው በሃርድ ዲስክ፣ ሁለተኛው በኤስኤስዲ የሚሠራ ከሆነ ግን በየቀኑ የሚያስደስትዎ ሁለተኛው ነው። የማከማቻው ዓይነት ከመጠኑ በላይ ለውጥ ያመጣል፤ ማስታወቂያው ላይ ግን በትንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው።

ሸክላ ማጫወቻና ጓዳ

ሃርድ ዲስክ ማለት፣ የድሮውን ሸክላ ማጫወቻ ካስታወሱ፣ የእሱ ዘመድ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በላፕቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ከላዩ አንዲት ክንድ ወዲያና ወዲህ እየሄደች የሚፈለገውን ታነባለች። አንድ ረጅም ፊልም በተከታታይ ሲያነብ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይደርሳል፤ ያ ብዙም አያስከፋም። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን የሚፈልገው አንድ ረጅም ፋይል አይደለም፤ በየቦታው የተበተኑ ሺዎች ትናንሽ ፋይሎችን ነው። ክንዷ ለእያንዳንዱ ትሮጣለች። የሚጠብቁት ያንን ሩጫ ነው።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። እንደ ፍላሽ ዲስክ በቺፕ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ የትኛውም ፋይል የትም ቢሆን ለመድረስ ጊዜው ያው ነው። በተለመደው ሳታ ገመድ መስመር በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ በትናንሾቹ ፋይሎች ላይ ያለው ብልጫ ደግሞ ከዚህም እጅግ ይሰፋል። ሌላም ጥቅም አለው። ላፕቶፕዎን በቦርሳ ይዘው በታክሲ የሚጋፉ ከሆነ፣ ወይም ትንሹ ልጅዎ ከሶፋ ላይ ከጣለው፣ ሃርድ ዲስክ በሥራ ላይ እያለ ቢመታ ሊበላሽ ይችላል፤ ኤስኤስዲ ንቅናቄን በደንብ ይችላል።

ራምን ደግሞ የማዕድ ቤት ጠረጴዛ ያድርጉት፤ ማከማቻው ጓዳው ነው። ጠረጴዛው ሰፊ ከሆነ ሽንኩርቱም፣ በርበሬውም፣ ድስቱም ከፊትዎ ይቀመጣል። ጠባብ ከሆነ ግን አንዱን ለማንሳት ሌላውን ወደ ጓዳ መመለስ ይኖርብዎታል። ዊንዶውስም ራም ሲሞላበት እንዲሁ ያደርጋል፤ የተረፈውን ለጊዜው ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል። 4 ጂቢ ራም ከሃርድ ዲስክ ጋር ሲገናኝ የሚያሰቃየው ለዚህ ነው፤ ጠረጴዛው ጠባብ፣ ጓዳውም ሩቅ ነው።

የእርስዎ የትኛው ነው?

ለዚህ ቴክኒሻን አያስፈልግም። «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ፤ «ታስክ ማናጀር» ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ወደሚለው ይሂዱና እንደወትሮው ይሥሩ፤ ብሮውዘር ይክፈቱ፣ ኤክሴል ይክፈቱ። «ዲስክ» የሚለው 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ ሕመሙ እዚያ ነው። «ሜሞሪ» የሚለው 90 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ራሙ አንሷል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ይሁን ኤስኤስዲ እዚያው ተጽፎ ያገኙታል። በሜሞሪው ገጽ ግርጌ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግርዎታል።

በጀትዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እና ላፕቶፕዎ ሃርድ ዲስክ ካለው፣ ያለማመንታት ኤስኤስዲውን ያስቀድሙ። ራሙም ቢያንስ ጓዳው ቅርብ ይሆናል። ከዚያ 8 ጂቢ ራም ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል። ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም የሥነ ሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ልጅ ካለዎት ግን 16 ጂቢ ያስቡ።

የእህቴን ላፕቶፕ ልንገርዎ። ታላቅ እህቴ የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ማታ ማታ የሁለት ትናንሽ ድርጅቶችን መዝገብ ቤቷ ሆና በፒችትሪ ትሠራለች። ያ ተጨማሪ ገቢ ነው የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍነው። ላፕቶፗ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ2፣ 4 ጂቢ ራም እና 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ ያለው ነው። ባለፈው ዓመት የግብር ወቅት ሲደርስ ላፕቶፑ አልነሳም ማለት ጀመረ፤ ለአዲስ ላፕቶፕ ያጠራቀመችውም ለመስከረም ክፍያ የተቀመጠው ገንዘብ ነበር።

ቴክኒሻኑ ከመፍታቱ በፊት «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም ከፈተ። ይህ ፕሮግራም የዲስክን ጤና ይናገራል። የእህቴ ዲስክ በቢጫ ማስጠንቀቂያ በራ። ቀስ ያለው ላፕቶፑ እንዳልሆነ፣ ዲስኩ እየሞተ እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው። በዚያ ዲስክ ላይ የደንበኞቿ መዝገብ ብቻ ሳይሆን የአባታችን ፎቶዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሌላ ቦታ የሉም። ስለዚህ ኤስኤስዲውን ትተን መጀመሪያ ፎቶዎቹንና የፒችትሪውን ፋይል ወደ ውጫዊ ዲስክ ገለበጥን። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ፤ እህቴ ከወንበሯ አልተነሳችም።

ከዚያ የቀረው ቀላል ነበር። ዊንዶውሱ፣ ፒችትሪውና ሌላው ሁሉ እንዳለ ወደ 512 ጂቢ ኤስኤስዲ ተቀዳ፤ ፕሮግራሞቹን እንደገና መጫን አላስፈለገም። ራሙ በሁለት ባለ 4 ጂቢ 8 ሆነ። በስልኬ ለካሁት፦ ቀድሞ ከአራት ደቂቃ በላይ ይወስድበት የነበረው መነሳት ከግማሽ ደቂቃ በታች ወረደ። የአባታችን ፎቶዎችም አሁን ሦስት ቦታ አሉ።

ሱቅ ሲሄዱ

ላፕቶፑን ይዘው ይሂዱ፤ ሞዴሉን በስልክ መናገር አይበቃም። ኤስኤስዲ ሁለት ዓይነት መልክ አለው። አንደኛው እንደ ቀጭን የኪስ ማስታወሻ ደብተር የሆነው ባለ 2.5 ኢንቹ ነው፤ በሃርድ ዲስኩ ቦታ ይገባል። ሁለተኛው እንደ ማስቲካ ልጥፍ ቀጭን የሆነው ኤም ዶት ቱ ነው። ይህኛው ራሱ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት፤ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፣ አንዱን የሚቀበል ላፕቶፕ ግን ሌላውን ላይቀበል ይችላል። «ኤንቪኤምኢ በጣም ፈጣን ነው» ብለው ዋጋ ቢጨምሩብዎ፣ ከሃርድ ዲስክ ለሚነሳ ሰው በዕለት ሥራ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። እኔ ልዩነቱን ለራም አውለዋለሁ።

ራም ላይ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አይቀያየሩም፤ ጥርሱ ራሱ አይገጥምም። ዲዲአር3 ውስጥ መጨረሻው ላይ «ኤል» የሚል ፊደል ያለው በ1.35 ቮልት፣ የሌለው በ1.5 ቮልት ይሠራል፤ አንዳንድ ላፕቶፖች ባለ «ኤል»ውን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ቀላሉ ዘዴ ከውስጥ የወጣውን ራም አሳይቶ «የዚህ ዓይነት» ማለት ነው። ሌላ ደግሞ፣ ዊንዶውስዎ ባለ 32 ቢት ከሆነ 8 ጂቢ ቢያስገቡም የሚጠቀመው 4 ጂቢ ገደማ ብቻ ነው፤ ባለ 64 ቢቱን ማስጫን ይኖርብዎታል።

«አዲስ» የተባለ ኤስኤስዲ ሁሉ አዲስ አይደለም። እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰክተው በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያስከፍቱት፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይጽፋል። አዲስ ዲስክ ሺህ ሰዓት ሊሠራ አይችልም። ሳምሰንግ፣ ኪንግስተን፣ ደብሊውዲ የመሳሰሉ የታወቁ ስሞችን ይምረጡ፤ በማይታመን ርካሽ ዋጋ «16 ቴራ» የሚል ውጫዊ ዲስክ ካዩ ይለፉት፤ የተጻፈው መጠን የውሸት ነው። ደረሰኝና የዋስትና ጊዜ በጽሑፍ ይቀበሉ። ሥራው ሲሠራ አጠገቡ ይሁኑ፤ ከመፈታቱ በፊት የራሙንና የዲስኩን ሴሪያል ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ይህ ቴክኒሻኑን መጠርጠር አይደለም፤ ጥሩ ቴክኒሻን ራሱ ደስ ይለዋል።

ዲስክ ከማስቀዳትዎ በፊት ላፕቶፑ ላይ «ቢትሎከር» የሚባለው መቆለፊያ መብራቱን ይጠይቁ። በርቶ ከሆነ ቁልፉን በወረቀት ይጻፉ ወይም ለጊዜው ያስጠፉት፤ አለዚያ የተቀዳው ዲስክ የማያውቁትን ረጅም ቁጥር ሊጠይቅዎ ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት የዊንዶውስ ነገር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚጠይቀው ከኢንቴል ወገን 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር፣ ከዚያም «ቲፒኤም 2.0» የሚባል የደህንነት ቺፕ ነው። የላፕቶፕዎ ትውልድ የሚታወቀው ከፕሮሰሰሩ ስም ነው፤ «አይ5-8250» ካለ 8ኛ፣ «አይ5-5300» ካለ 5ኛ ትውልድ ነው። 8ኛና ከዚያ በላይ ከሆነ ማሻሻሉ ለዓመታት ያገለግልዎታል። ከዚያ በታች ከሆነ ማሻሻሉ አሁንም ያዋጣል፤ ግን ባንክና ሚስጥራዊ ሥራ በዚያ ላፕቶፕ ላይ መሥራትዎን ያስቡበት፤ ወይም እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነጻ ሲስተም ያስጭኑ። ለልጆች ንባብና ኢንተርኔት ሊኑክስ ሚንት በቂ ነው፤ ፒችትሪ የሚሠራ ሰው ግን ከዊንዶውስ አይወጣም።

የማይመከርበትም ጊዜ አለ። ባትሪው አብጦ የታችኛውን ክዳን የሚገፋ ከሆነ መጀመሪያ ላፕቶፑን ያጥፉት፣ ባትሪውንም ያስወግዱ፤ እሳት ሊያመጣ ይችላል። ማጠፊያው የተሰበረ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ማዘርቦርዱ የሚያስቸግር ከሆነ ወጪው አያልቅም። ቀጫጭኖቹን ላፕቶፖች በተለይ ይጠንቀቁ፤ ማክቡክ ኤርን ጨምሮ ብዙዎቹ ራማቸው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም። በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡት ሴሌሮን ፕሮሰሰር ያላቸው ትንንሾች ላይም ብዙ ጊዜ ማከማቻው ራሱ ብየዳ ነው።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ አይጣሉት። በርካሽ የሚሸጥ የዩኤስቢ ማቀፊያ ገዝተው ቢከቱት ውጫዊ ዲስክ ይሆናል። ቢያንስ አንድ ወር ሳይነኩት ያቆዩት፤ አዲሱ ላይ ያልተቀዳ ፋይል ካለ ከእሱ ያገኙታል። ከዚያ የቤተሰብ ፎቶ ሁለተኛ ቅጂ ያስቀምጡበት፤ ምክንያቱም ሃርድ ዲስክ ሲሞት ብዙ ጊዜ ድምፅ ያሰማል፣ ኤስኤስዲ ግን አንዳንዴ ያለ ምንም ምልክት ነው የሚቆመው። ለሰው ለመሸጥ ወይም ለመስጠት ካሰቡ ደግሞ ፋይሎቹን «ዲሊት» ማለት አይበቃም፤ ቴክኒሻኑ ሙሉ በሙሉ እንዲያጠፋልዎ እዚያው ፊትዎ ላይ ያስደርጉ።