ለአነስተኛ የጓሮ ግንብ የሚሆን የሲሚንቶ ቡኮ አዘገጃጀት

የጓሮ አትክልት መደብን በዝቅተኛ የጡብ ግንብ መክበብ በክረምት ለም አፈር በጎርፍ ታጥቦ እንዳይሄድ ይረዳል። ይሁን እንጂ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ግንብ አንድ ክረምት ሳያልፍ ሲሰነጠቅና ሲናድ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚመጣው ከሲሚንቶው ማነስ ሳይሆን ከቡኮው አዘገጃጀት ነው። ምክራችን ቁመቱ ከግማሽ ሜትር ለማይበልጥ፣ ውፍረቱም የአንድ ጡብ ርዝመት ለሆነ ግንብ ነው።

አሸዋው

አሸዋው ከአፈርና ከሥራሥር የጸዳ መሆን አለበት። ለመፈተን በጠርሙስ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ይጨመራል። ጥቂት ጨው ያለበት ውኃ ተሞልቶ በደንብ ይናጥና 3 ሰዓት ይቀመጣል። ከላይ የሚረጋው ደለል ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋውን ማጠብ ወይም መለወጥ ያስፈልጋል።

መጠኑ

ለ1 ባልዲ ሲሚንቶ 4 ባልዲ አሸዋ ይበቃል። በአካፋ መቁጠር አያስተማምንም፤ እርጥብ አሸዋ አካፋው ላይ ይቆለላል፣ ሲሚንቶ ግን ይንሸራተታል። ሁለቱ መልካቸው አንድ እስኪሆን ድረስ በደረቁ ይገላበጣሉ። ከዚያም ንጹሕ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይታሻል። በማንካ ቦይ ሲወጣበት ቦዩ ሳይደፈንና ውኃ ሳያቋጥር ከቆየ ልኩ ነው። ቡኮው ከቀጠነ ለመሥራት ይቀላል፤ ነገር ግን ትርፉ ውኃ ሲተን በቦታው ባዶ ቀዳዳ ስለሚተው ግንቡን ያደክመዋል።

ጊዜው

ሲሚንቶ ውኃ ከነካው በኋላ ብዙም ሳይቆይ መያያዝ ይጀምራል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ማቡካት ይገባል። መጠንከር የጀመረውን ቡኮ ውኃ ጨምሮ ማለስለስ የተያያዘውን መልሶ መስበር ነው፤ እንዲህ ያለው ቡኮ መጣል አለበት።

ጡቡና ከግንባታ በኋላ

ደረቅ ጡብ የቡኮውን ውኃ ስለሚመጥ አስቀድሞ ይርጠብ። በጡቦቹ መካከል የሚገባው ቡኮ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ከውኃ ጋር በመዋሐዱ ነው። በመሆኑም ግንቡ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ። ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር 10 ቀን ቢደረግለት ይመረጣል።

ስለ አፈሩ

እንደ ቢሾፍቱና በቾ ባሉ ዋልካ አፈር በሚበዛባቸው አካባቢዎች መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የቱንም ያህል ጥሩ ቡኮ ቢሆን ይህን አይችልም። ስለዚህ ዋልካው እስኪያልቅ ተቆፍሮ መሠረቱ በድንጋይ ይሞላ። ዋልካው ጥልቅ ከሆነ ግን ግንቡን ትቶ መደቡን በድንጋይ ካብ መክበብ ይሻላል፤ ካብ ቢንቀሳቀስ እንደገና ይደረደራል።

ዕቃ የታጠበበት ውኃና የተረፈው ቡኮ በመደቡ ላይ አይደፋ። ለኮምጣጣ አፈር የሚሰጠው የእርሻ ኖራ ተለክቶ የሚሰጥ ነው፤ የሲሚንቶ እጣቢ ምትኩ አይሆንም። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ስለሚያቃጥል ጓንት ማድረግ፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ባልዲውን አስተካክሎ የሚለካ፣ ውኃውንም የሚቆጥብና ግንቡን ሳይሰለች የሚያጠጣ ሰው ግን ከዚያው ከረጢት ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ግንብ ያገኛል።