ልቤ የሚደልቀው ታምሜ ነው ወይስ ፈርቼ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ናችሁ እንበል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እንደተለመደው ከቤታችሁ ርቃችሁ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድራችኋል። የጥያቄው ወረቀት ታደለ። ገና የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ልባችሁ ድው ድው ማለት ጀመረ። መዳፋችሁ በላብ ራሰ፤ ሆዳችሁ ታወከ፤ ጣታችሁን ወረራችሁ። «እንዴ! ምን ሆኜ ነው? ልወድቅ ነው እንዴ?» ይህን ባሰባችሁበት ቅጽበት ልባችሁ ይባስ ብሎ ፈጠነ።

ለሰው ብትነግሩት ብዙው «ምንም አልሆንክም፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ያልፈዋል። የዚህ አባባል ግማሹ ልክ ነው፤ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። «ምንም አልሆንክም» የሚለው ግን ስህተት ነው። ልባችሁ የምር ፈጥኗል፤ ላቡም የምር ላብ ነው። ጭንቀት ሰውነት ላይ የሚያወጣው ስሜት የፈጠራ አይደለም። ነገር ግን አንድ ስሜት እውነተኛ መሆኑና አደገኛ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት መረዳት ደግሞ የመዳኑ ትልቅ ክፍል ነው።

ደወሉ ሲደወል

አማርኛችን ይህን ነገር ድሮም ያውቀዋል። ስንሰጋ «ሆዴን ባር ባር አለው»፣ «ልቤ ተሰቀለ» እንላለን። ፍርሃት ሆድና ልብ ላይ እንደሚወጣ ለመናገር ላቦራቶሪ አላስፈለገንም። እንዴት እንደሚወጣ ለማወቅ ግን አስፈልጓል።

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ካነን የተባለ የሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ፣ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ በነበረው ኤክስሬይ የድመቶችን ጨጓራ ይመለከት ነበር። ድመቷ ተረጋግታ ሳለች ጨጓራዋ ምግቡን እያሸ ይንቀሳቀሳል። ስትረበሽ ግን ቀጥ ይላል። ስትረጋጋ እንደገና ሥራውን ይጀምራል። ካነን ከዚህ ተነስቶ ለዓመታት ከመረመረ በኋላ፣ ሰውነት አደጋ ሲመጣ ለመጋፈጥ ወይም ለመሸሽ ራሱን እንዴት እንደሚያዘጋጅ አስረዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎል «አደጋ አለ» ብሎ ደወሉን ሲደውል፣ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል የተባሉ ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ለጡንቻ ብዙ ደም ለማድረስ ይፈጥናል። ላብ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ይወጣል። ጡንቻ ለሩጫ ይወጠራል፤ ውጥረቱ ሲቆይ ራስ ምታትና የትከሻ ሕመም ያመጣል። ምግብ መፍጨት ለጊዜው «ይቆየን» ስለሚባል ሆድ ይታወካል። አንጀታችን ራሱ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት ስላሉትና ከአንጎል ጋር ያለማቋረጥ ስለሚነጋገር፣ ጭንቀት ቶሎ ይሰማዋል።

ጅብ ቢያሳድዳችሁ ይህ ሁሉ ነፍሳችሁን ያተርፍ ነበር። ችግሩ የፈተና ወረቀት ጅብ አለመሆኑ ነው። ደወሉ ግን አንድ ነው።

አየር የሚያጥር የሚመስለን ለምንድን ነው?

ብዙዎችን ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጠው ማዞሩና ትንፋሽ ማጠሩ ነው። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ፦ አየር ያጠረን እየመሰለን ችግሩ ከመጠን በላይ መተንፈሳችን ሊሆን ይችላል።

ስንጨነቅ ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን። ሩጫ ስለሌለ ግን ሰውነት ያን ያህል አየር አያስፈልገውም። በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ይህ ጋዝ ሲያንስ ወደ አንጎል የሚወስዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ያዞረናል። ነርቮችም በቀላሉ የሚነኩ ይሆናሉ፤ ከንፈርና ጣት ይወርረናል። ኦክስጅኑ ግን አልጎደለም። ስለዚህ «አየር አጠረኝ» ብላችሁ ደጋግማችሁ በኃይል ስትስቡ ነገሩ ይብሳል።

«ልወድቅ ነው» የሚለውስ? ራስን መሳት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የደም ግፊት በድንገት ሲወርድ ነው። በድንጋጤ ጊዜ ግን ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ደም ወይም መርፌ ሲያዩ የሚወድቁ ሰዎች ለየት ያሉ ናቸው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ

እስካሁን ያየነው የመጀመሪያውን ደወል ነው። እርሱ ብቻውን ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ ይበርድ ነበር። ታዲያ አንዳንዱን ሰው ለወራት የሚያሰቃየው ለምንድን ነው?

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ ክብ አሳየ። ልብ ይፈጥናል። ሰውየው «የልብ በሽታ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ራሱ አዲስ ፍርሃት ይሆናል። ፍርሃቱ አድሬናሊን ይጨምራል፤ ልብ የባሰ ይፈጥናል፤ ሰውየውም «ይኸው፣ ልክ ነበርኩ» ይላል። በቃ፣ ክቡ ተዘጋ። አሁን የሚያስፈራው ፈተናው መሆኑ ቀርቶ ምልክቱ ራሱ ሆኗል። አንድ ጊዜ እባብ ያየ አንጎል ልጥ ባየ ቁጥር ይዘላል።

ትርጉም ይህን ያህል ጉልበት አለው? እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን የአንድ የ29 ዓመት ግንበኛ ታሪክ ስሙ። ዘሎ ሲወርድ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሚስማር ጫማውን በስቶ ወጣ። ሚስማሩ በተነካ ቁጥር በጣም ስለሚያመው ሐኪሞቹ ጠንካራ ማስታገሻ ሰጡት። ጫማው ሲወልቅ ግን ሚስማሩ በጣቶቹ መካከል አልፎ ነበር፤ እግሩ ጭረት እንኳ አልነካውም። ሰውየው እያስመሰለ አልነበረም። የምር አሞታል። አንጎሉ ያየውን ሚስማር «ተጎድተሃል» ብሎ ተረጎመው፤ ሕመሙም መጣ።

ደወሉን እንደገና ማስተማር

ጥሩው ዜና አንጎል አደጋን እንደሚማር ሁሉ ደኅንነትንም መማሩ ነው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ተመራማሪዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ ጀርባቸውን ያመማቸው 151 ሰዎች በሦስት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለ4 ሳምንት ያህል ሕመሙን የጉዳት ምልክት ሳይሆን የተሳሳተ ደወል አድርጎ ማየትን ተለማመደ። ከሕክምናው በኋላ ከዚህ ቡድን 66 በመቶው ሕመሙ ለቆት ወይም ሊለቀው ጥቂት ቀርቶት ነበር። መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት ግን 20 በመቶው፣ የተለመደ ሕክምናቸውን ከቀጠሉት ደግሞ 10 በመቶው ብቻ እዚህ ደረሱ። ጥናቱ በጀርባ ሕመም ላይ እንጂ በፈተና ጭንቀት ላይ አይደለም። ግን ለምልክቱ የምንሰጠው ትርጉም ምልክቱን ራሱን ሊለውጠው እንደሚችል ያሳያል።

መጀመሪያ ሐኪም

ሁሉም የልብ ምት ጭንቀት አይደለም። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግርና አስም ተመሳሳይ ስሜት ያመጣሉ። በአገራችን ደግሞ በልጅነት በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብን በሮች የሚጎዳ ሪውማቲክ የልብ ሕመም በወጣቶች ላይ ይታያል። ስለዚህ ምልክቱ አዲስ ከሆነ ተመርመሩ። በተለይ ስትሮጡ ደረታችሁን የሚያማችሁ ወይም ራሳችሁን የምትስቱ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ ክብደታችሁ ያለ ምክንያት ከቀነሰ አታዘግዩ። ጭንቀቱ ከትምህርት ካስቀራችሁ ወይም ሕይወትን ካስጠላችሁ ደግሞ ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያም እዩ።

ከዚያስ?

ሐኪሙ «ደህና ናችሁ» ካለ፣ እነዚህን ሞክሩ።

ስሙን ጥሩት። «ይህ አድሬናሊን ነው። ደስ አይልም፤ ግን አይገድለኝም» በሉ። ይህ ራስን መሸንገል አይደለም፤ ትርጉሙን ማስተካከል ነው።

ስታስወጡ አርዝሙ። ለ4 ሰከንድ ያህል በአፍንጫ ሳቡ፣ ለ6 ሰከንድ ያህል ቀስ ብላችሁ አስወጡ። አየር ስናስወጣ ልብ በተፈጥሮው ዘግየት ይላል። በረጅሙ መሳብ ሳይሆን በቀስታ ማስወጣት ነው ቁልፉ።

አትሽሹ፣ ደጋግማችሁም አትፈትሹ። በየደቂቃው የልብ ምታችሁን ብትቆጥሩ አንጎላችሁ «የሚፈራ ነገር አለ ማለት ነው» ብሎ ይማራል። ከክፍል ሮጣችሁ ብትወጡ «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ይላል። ስሜቱ እያለ ብትቆዩ ግን ራሱ ሲበርድ ያያል።

ልባችሁን ሆን ብላችሁ አፍጥኑት። ደረጃ ውጡ፣ ገመድ ዝለሉ። አንጎላችሁ የፈጠነ ልብ ሁሉ አደጋ እንዳልሆነ የሚማረው እንዲህ ነው።

ቡናውንም አስቡበት። ለሌሊት ጥናት ከአቦል እስከ በረካ ጠጥታችሁ ጠዋት ልባችሁ ቢመታ፣ ካፌይኑም ድርሻ አለው። ጫትም እንዲሁ ልብን ያፈጥናል። እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት ደወሉ በትንሹ የሚነካ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ምልክቱ ተመልሶ ይመጣል። ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ማክሰኞ ጠዋት ብቅ ሊል ይችላል። ያን ቀን «ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ» አትበሉ። የቆየ ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም። ምልክቱ መቅረቱ ብቻ ሳይሆን ሲመጣ እንደ ድሮው አለማስፈራቱም መዳን ነው።

አሁን ወደ ፈተናው ክፍል እንመለስ። ወረቀቱ ታድሏል። ልባችሁ ድው ድው ይላል። ይምታ። ቀስ ብላችሁ አየር አስወጡ፤ እርሳሱን አንሱ። ልባችሁ እየመታም አንደኛውን ጥያቄ መሥራት ትችላላችሁ። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ምናልባት መምታቱን ትረሱት ይሆናል።