ጉጉፍቱ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ማነው? ተጫዋቹ ወይስ ሞተሩ?

የአርጀንቲና ደጋፊዎች ኤፕሪል 1 ቀን 2009ን (እ.ኤ.አ) አይረሷትም። ማራዶና በአሰልጣኝነት፣ ሜሲ፣ ቴቬዝና ማስቼራኖ ሜዳ ላይ ሆነው በቦሊቪያ 6 ለ 1 የተቀጡባት ቀን ናት። ቦቴሮ ብቻውን ሦስት አገባ። ውጤቱን በሬዲዮ የሰማ ሰው የኤፕሪል ዘ ፉል ቀልድ ቢመስለው አይፈረድበትም። ምስጢሩ ግን ሌላ ነው። ጨዋታው የተካሄደው ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ላይ በተቀመጠችው ላ ፓዝ ነበራ!

ፊፋ በ2007 (እ.ኤ.አ) ከ2,500 ሜትር በላይ ኢንተርናሽናል ጨዋታ አይካሄድም ብሎ ነበር። ደቡብ አሜሪካኖቹ ቢንጫጩበት ጣራውን ወደ 3,000 ከፍ አደረገው፤ በ2008 ደግሞ ጭራሽ እገዳውን አነሳው። ያ የመጀመሪያው መስመር ቢጸና ኖሮ 2,600 ሜትር ግድም ላይ ያለችው የእኛዋ መካነ ሰላም፣ ስታዲየም ቢገነባላትም እንኳ ብሔራዊ ቡድን ማስተናገድ አትችልም ነበር።

ታዲያ ደጋ የሚፈትነው ተጫዋችን ብቻ መሰላችሁ? ደጋፊ ጭኖ ከደሴ የሚነሳው ዶልፊን፣ ሲሚንቶ የጫነው ሲኖትራክ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሃርድቶፕ፣ ሁሉም ጉጉፍቱ ላይ ያለከልካሉ። ከደሴ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መንገዱ ጉጉፍቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና በአቀስታ አድርጎ ወደ ቦረና ይዘልቃል። ከመካነ ሰላም ወዲያ ደግሞ የአባይ በረሃ አለ፤ ወርዶ መውጣት ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራ ባለ ተርቦ መኪና ትንፋሹ የሚለካው በአንዲት የአሉሚኒየም ሳጥን ነው። ኢንተርኩለር ትባላለች። አዲሷ ውድ ስለሆነች ብዙው ባለመኪና የሚገዛው ያገለገለች ነው። የዛሬው ወሬያችን እሷው ናት፤ በደንብ ካልታጠበችና ካልተገጠመች ከጥቅሟ ጉዳቷ ስለሚብስ።

ሩቡ አየር የት ሄደ?

3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ 74 በመቶ ገደማ ነው። መካነ ሰላም ላይ 77 በመቶ ያህል ይሆናል። ሞተርም እንደ ሰው የሚሠራው በትንፋሽ ነው። ነዳጁ ቢበዛ የሚያቃጥለው አየር ከሌለ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ተርቦ የሌለው፣ ባለ 4.2 ሊትሩ የሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ሞተር፣ ጥንካሬው እንዳለ ሆኖ፣ ዳገቱ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ቆላ ጥሎት የሚወጣው።

መድኃኒቱ ተርቦ ነው። ስሙን አማርኛ ያወጣለት ይመስላል፤ አየር ተርቦ የሚሮጥ! ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዱን ተሽከርካሪ ያዞረዋል፣ እሱ ደግሞ በሌላው ጫፍ ያለውን አዙሮ ንጹህ አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ ይልካል። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ሐሳቡን በ1905 (እ.ኤ.አ) በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡኪ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነው። ደጋ ላይ የተፈተነው ደግሞ በ1918 አሜሪካ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ነው። ሳንፎርድ ሞስ የተባለው መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ 4,300 ሜትር ድረስ ወጣ። ሜዳ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ያለ ተርቦ 230 ሲሰጥ፣ ተርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ከሜዳው ውጪ ተጫውቶ ማሸነፍ ይሉሃል ይሄ ነው።

በእሽቅድምድሙ ዓለም ግን አጀማመሩ አላማረም። ሬኖ በ1977 ሲልቨርስቶን ላይ ባለ ተርቦ ፎርሙላ ዋን መኪና ይዞ ሲቀርብ መኪናዋ ጭስ እያወጣች በተደጋጋሚ ስለምትቆም እንግሊዞቹ "ቢጫዋ የሻይ ማንቆርቆሪያ" ብለው ሳቁባት። ሳቁ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። በ1979 ዣቡዬ ዲዦን ላይ በፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ አንደኛ ወጣ። በጎረቤታችን ኬንያም የቶዮታ ባለ ተርቦ ሴሊካ ሳፋሪ ራሊን ከ1984 እስከ 1986 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ወስዳለች።

የውኃ እረፍት

የተርቦ ችግሩ ሙቀቱ ነው። አየር ሲታፈን ይግላል፤ ብስክሌት የነፋ ልጅ ሁሉ ፓምፑን ነክቶ ያውቀዋል። የጋለ አየር ደግሞ ይለጠጣል፣ ይሳሳል። ተርቦው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል ማለት ነው።

በግርድፉ እናስላው። ቆላ ላይ 20 ዲግሪ የሆነ አየር ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ 110 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ሲነሳም ስስ ነው። እዚያው ግፊት ላይ ለመድረስ ተርቦው ሦስት እጥፍ ለሚጠጋ ማፈን ይገደዳል፣ አየሩም 150 ዲግሪ አካባቢ ይገባል። ስለዚህ "ደጋው ብርድ ነው፣ ኢንተርኩለር ምን ይሠራል?" የሚለው የሹፌሮች ክርክር አያስኬድም። ደጋው ላይ ተርቦው ይበልጥ ይሮጣል፣ ይበልጥ የሮጠ ይበልጥ ይግላል።

ኢንተርኩለር የዚህ ሯጭ የውኃ እረፍት ናት። የጋለው አየር በውስጧ ሲያልፍ ከውጭ የሚነፍሰው ያቀዘቅዘዋል። 150 የነበረው ወደ 50 ዲግሪ ቢወርድ በዚያው ቦታ የሚገባው አየር 30 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፋብሪካዎቹም ያውቁታል። ብዙ ሚኒባስና ፒካፕ ላይ ያለው የቶዮታ 2ኬዲ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ያለ ኢንተርኩለር 102 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ባለ ኢንተርኩለሩ 120 አለው። "371" እያልን የምንጠራው ሲኖትራክም ያን ሁሉ ጉልበት ከ9.7 ሊትር ሞተር የሚያገኘው በተርቦና በኢንተርኩለር ነው።

ዝውውሩ፦ ሶማሌ ተራ

ያገለገለ ዕቃ ሲባል መርካቶ ሶማሌ ተራን የማያውቅ ባለመኪና የለም። ያገለገለ ኢንተርኩለር መግዛት ግን ያገለገለ ተጫዋች እንደማስፈረም ነው፤ የሕክምና ምርመራ ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ አፉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን እዩ። ጣት አስገብታችሁ አብሱት። ጥቁር ዘይት ቢወጣ አትደንግጡ፤ ትንሽ ዘይት የሌለው ያገለገለ ኢንተርኩለር አይገኝም። ጣታችሁ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከመጣ ግን አመስግናችሁ መልሱት። የቀድሞ መኪናው ተርቦ ተሰባብሮ ስብርባሪው ውስጡ ተሰግስጓል ማለት ነው። አንዷ ቅንጣት እንኳ ብትቀር ሲሊንደር ውስጥ ገብታ ሞተር ታስወርዳለች። ይህን ደግሞ የቱም እጥበት በእርግጠኝነት አያስለቅቀውም።

ቀጥሎ ጎንና ጎኑ ያለውን መጋጠሚያ ተመልከቱ። ፕላስቲኩና አሉሚኒየሙ በሚገናኙበት ላይ ስንጥቅና የዘይት ላብ ካለ ተጠንቀቁ። የቱቦው አፍ ስፋትም ከመኪናችሁ ጋር ይለካ፤ በሜትር እንጂ በዓይን አይሁን።

እጥበቱ

በየጋራዡ በአንድ ወጣት ሹፌርና በአንድ አንጋፋ መካኒክ መካከል የሚሰማው ምልልስ ይህን ይመስላል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ታጥቦ ነው የመጣው።"

"ማን አጠበው ልጄ?"

"ሻጩ ነዋ!"

"እንግዲያው እኛም እንጠበው።"

አንጋፋው ልክ ነው። ሻጭ የሚያጥበው ለዓይን ነው፣ መካኒክ የሚያጥበው ለሞተር።

ከውጭ ይጀመራል። ጭቃውና የነፍሳቱ ሬሳ በለስላሳ ብሩሽና በቀስታ በሚፈስ ውኃ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይታጠባል። በመኪና ማጠቢያው ከባድ ግፊት አፍንጫው ድረስ ቀርቦ መምታት እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩትን ስስ ቅጠሎች ያስተኛቸዋል። የተኛ ቅጠል አየር አያሳልፍም። የተኙትን በቀጭን ነገር ቀስ እያሉ ማቃናት ነው።

ለውስጡ ዘይት ነጭ ጋዝ ይበቃል። አንዱን አፍ በጎማ ደፍኖ አንድ ሊትር ያህል መጨመር፣ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ እንደ ቅል ወዲህ ወዲያ መናጥ፣ መድፋት። ከዚያ ገልብጦ በሌላው በኩል መድገም። የሚወጣው ጋዝ እስኪጠራ ሁለት ሦስት ጊዜ ይኬዳል። ቀጥሎ ሙቅ ውኃ በላርጎ፣ በመጨረሻም ደጋግሞ በንጹህ ውኃ ማለቅለቅ። በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ፤ አንዲት የሲጋራ እሳት ጋራዡን ታነደዋለች። ካውስቲክ ሶዳና የባትሪ አሲድም አሉሚኒየሙን ይበሉታል።

ከሁሉም በላይ ማድረቅ ነው። አፉን ወደ ታች አድርጎ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ። "ተርቦው ራሱ ያደርቀዋል" ብሎ እርጥቡን የሚገጥም ሰው ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ጎሚስታው ዳኛ ሲሆን

ታጥቦ የደረቀው ኢንተርኩለር ጎሚስታ ቤት ይሄዳል። ሁለቱ አፎች በጎማ ተደፍነው በደንብ ይታሰራሉ፣ በአንዱ በኩል የጎማ ቫልቭ ይገባል። ከዚያ በርሚል ውኃ ውስጥ ነክሮ ከ20 ፒኤስአይ ያልበለጠ አየር መሙላት። ልክ የተበሳ ጎማ እንደሚፈለገው ነው። አረፋ ከወጣ ቀይ ካርድ! ትንሽዋን ቀዳዳ ጥሩ የአሉሚኒየም በያጅ ሊደፍናት ይችላል። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ግን በሙጫ አይድንም፤ ዳገት ላይ ይፈነዳል። ሲሞላ ደግሞ ከድፍኑ ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ተስፈንጥሮ ጥርስ ያወልቃል።

ገጠማው

የተርቦን አየር የሚያሳልፈው ቱቦ ሙቀትም ዘይትም ግፊትም የሚችል መሆን አለበት። የራዲያተር ውኃ ጎማ ቆርጦ መቀጠል የተለመደ ነው፤ ዘይቱ ከውስጥ አልፍስፍሶት አንድ ቀን ጉጉፍቱ ወገብ ላይ "ጧ!" ይላል። ማሰሪያዎቹ ሰፋፊ ይሁኑ፣ የቱቦው አፍም ዘይት አይንካው፤ ያሟልጫል። ሳጥኗ በቀጥታ ከብረት ጋር ከታሰረች በንዝረት ትሰነጠቃለች። ከሥሯ ጎማ ይግባላት።

ቦታዋም ወሳኝ ነው። ከራዲያተር ፊት ስትቀመጥ ጥሩ ንፋስ ታገኛለች፣ ነገር ግን ራዲያተሩን ጨርሳ ከጋረደችው ጭነት ይዞ በቀስታ የሚወጣ መኪና ውኃው ይፈላል። ሞተሩ ላይ የምትቀመጠው ዓይነት ደግሞ ኮፈኑ ላይ የአየር መግቢያ ያስፈልጋታል፤ በዙሪያዋ ያለው ስፖንጅ ከተበላ ንፋሱ በጎን ያመልጣል። በራሊ የምናውቃት ሱባሩ ኢምፕሬዛ ኮፈኗ ላይ ያ ትልቅ አፍንጫ ያላት ለዚህ ነው።

ከዚህ በፊት ኢንተርኩለር ያልነበረው መኪና ላይ የምትገጥሙም "18 ፈረስ አገኘን" ብላችሁ አትጨፍሩ። ፋብሪካው ነዳጁንም አብሮ አስተካክሎ ነው ያን ጉልበት ያወጣው። እናንተ የምታገኙት ቀዝቀዝ ያለና ጭሱ የቀነሰ ሞተር ነው፤ እሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። "ፖምፓውን ትንሽ ከፈት ላድርግልህ" የሚል መካኒክ ከመጣ አደራችሁን!

ከገጠማ በኋላ ሞተሩን አስነስቶ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ማራስና ረዳቱ ነዳጅ ሲሰጥ አረፋ መፈለግ። ፉጨት ከተሰማ ወይም ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ከበዛ አየር እያመለጠ ነው።

ሞተሩ ሲያብድ

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃት እንምጣ። የናፍጣ ሞተር የሚነሳው በብልጭታ ሳይሆን በእመቃ ነው። ከአየሩ ጋር የገባለትን የሚነድ ነገር ሁሉ ያቃጥላል። ኢንተርኩለር ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ወይም ሳይደርቅ የቀረ ነጭ ጋዝ ዳገት ላይ ተርቦው ሲበረታ ተጠራርጎ ይገባል። ያን ጊዜ ሞተሩ ያብዳል። ቁልፍ ቢያጠፉት አይሰማም፤ የሚበላው ከናፍጣው መስመር አይደለምና። እየጮኸ ራሱን እስኪሰብር ይሽከረከራል። አስራ ምናምን ሰው ጭኖ፣ ከጎኑ ገደል ባለበት መንገድ ላይ ይህ ሲሆን አስቡት።

መላው ይህ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ፍሬንና የእጅ ፍሬን ጠበቅ ተደርጎ፣ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በአንዴ መልቀቅና ሞተሩን አንቆ ማጥፋት። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ የአየር መግቢያውን በጠፍጣፋ ጣውላ መድፈን። በእጅ ወይም በጨርቅ በፍጹም! ይስበዋል። ካልተቻለ ሰው አውርዶ መራቅ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን እዚያ አለመድረስ ነው። የታጠበች ኢንተርኩለር ወር ሳይሞላት እንደገና ዘይት ከያዘች ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ወይ የተርቦው ማኅተም አልቋል፣ ወይ የሞተሩ መተንፈሻ ዘይት እየተፋ ነው። ጣራው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ትርፉ ድካም ነው።

እሑድ ሆጤ ሜዳ ለጨዋታ የሚወርደው ደጋፊ ስለ አጥቂው ብቃት ሲከራከር ያመሻል። ያሳፈረው ሚኒባስ ኮፈን ሥር ያለችውን ሳጥን ግን ማንም አይጠይቅም። ሹፌሩን አንድ ጊዜ "ወንድሜ፣ ኢንተርኩለሯ መቼ ታጠበች?" ማለት ነውር የለውም። 90 ደቂቃው ሜዳ ላይ ቢያልቅም የደጋፊው ጨዋታ የሚያልቀው መካነ ሰላም በሰላም ሲገባ ነው።